እማማ ሚርያም ካልተሳፈሩ የማይነሳው ቅጥቅጥ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለፋኑኤል ሻንቆ፤

ሳሮ ወንድሜ፣ ሳሮ፣ ደግሜም ሳሮ! ሰላምታዬ ከሶዶ ተነስቶ ባሕሩንም በረሃውንም አልፎ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝህ ያ ሳል ተወህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? ሱቁስ እንዴት ነው? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ አሁንም ዳቦ በሻይ እያልክ ትውላለህ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁንና በሕይወት አለን። እማዬ ደህና ናት፤ ከሰዓት በኋላ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እንሰቱ አምሮበታል፤ የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች። የአባባን ነገር ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ክብረት ነው፤ ዕረፍቱን ጨርሶ ሰኞ ወደናንተ ይመለሳል። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ ስንነጋገር አባባ ሁልጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማዋለሁ። የማወራህ ነገር ደግሞ “ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?” እየተባለ የሚወራ አይደለም። ዛሬ ቅዳሜ ነው። አባባና እማዬ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤሌ ሄደዋል። “ልጆች አይምጡ” ስለተባለ እኔ ቤት ቀርቼ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አፍጥጬባታለሁ። እስካሁን አልጮኸችም። ዝም ብዬ ብቀመጥ ማበዴ ነውና፣ እስክትጮኽ ድረስ ሁሉንም ላንተ ልንገርህ።

አሁን የምጽፍልህን ቁጭ ብለህ አንብበው። በሐምሌ “የአባባ መኪና ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቷል” ያልንህ እውነቱን ቆርሰን ነው። መኪናው ጋራዥ የገባው ተጋጭቶ ነው። እማማ ሚርያምም አርፈዋል። አዎ፣ የኛዋ እማማ ሚርያም፣ ቅቤ ነጋዴዋ፤ በየገበያው ቀን ከቤሌ ጋቢና ተቀምጠው እየመጡ “ያ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠው ልጅ ደህና ነው?” እያሉ ስላንተ የሚጠይቁት። ያረፉት በአባባ መኪና ውስጥ ነው። አንተ በሰው አገር ብቻህን እንዳታለቅስ ብላ እማዬ ከለከለችን። አሁንም ብቻህን እንዳታለቅስ፤ ክብረትን “እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ በል” በለው።

ሲዘንብ ያደረበት ማለዳ ነበር። ከቤሌ ተነስተው ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ፍሬኑ እንቢ አለ። አባባ መኪናው ወንዝ እንዳይገባ ብሎ በቀኝ በኩል ካለው የአፋፍ ግድግዳ ጋር አላተመው። ተሳፋሪው ተጫጭሮ ወጣ። የተመታው ግን የጋቢናው ጎን ነበርና እማማ ሚርያም ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ አለፉ። ትራፊክ ፖሊሶች መርምረው “ጥፋቱ የፍሬኑ ነው፤ ሾፌሩ ወደ አፋፉ ባይወስደው ኖሮ የሚተርፍ ሰው አልነበረም” ብለው ለቀቁት። ሕግ ሲለቀው እሱ ራሱን መልቀቅ አቃተው።

ከዚያ ወዲህ አባባን ብታየው አታውቀውም። መሪ መያዙ ቀርቶ ባጃጅ ላይ እንኳ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን በእግሩ፣ ገበያ በእግሩ። በገበታ ላይ “ዳጣ አነሰ” እያለ የሚያስቀን ያ ሰውዬ፣ አሁን ያቀረቡለትን ይነካካና ይተወዋል። ጊፋታ መጣ፤ እርድ የለ፣ ጭፈራ የለ፤ ጎረቤት ሲዘፍን እኛ በራችንን ዘግተን አሳለፍነው። ለቅሶ እንኳ አልደረሰም እኮ፣ ፋኑኤል! ሰው በእጁ የጠፋበት ሰው ሽማግሌ ሳይገባ የሟች ቤት ደጃፍ እንደማይረግጥ ታውቃለህ። ለእሳቸው ሁሉም ሰው ሲያለቅስ፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ሳያለቅስ ቀረ።

ቂም ይዘው ጊፋታን አይሻገሩም በሚለው ወግ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ጌታነህ ተነሱ፤ ሁለት ሰዎች ይዘው እነ ዱባለ ዘንድ ሄዱ። ዱባለ የእማማ ሚርያም የበኩር ልጅ ነው፤ ቁጥብ ሰው ነው፣ የተናገራትን አይመልስም። “ካሳ አንጠይቅም፤ ቂምም አንይዝም። ግን ሰው አይላክብን። እናታችንን ይዞ በወጣባት መንገድ ራሱ ይምጣና ያናግረን” አለ። ቀላል ይመስላል አይደል? መጀመሪያ በተቀጠረው ቅዳሜ አባባ ተሳፈረ፤ ከሶዶ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው ዳገት አናት ላይ ሲደርሱ “አውርዱኝ” ብሎ ጮኸ፤ በእግሩ ወደ ሶዶ ሲመለስ መሽቶበት ገባ። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ከመናኸሪያው በር ላይ ወደ ቤት ተመለሰ። እነ ዱባለ ሁለቱንም ጊዜ ምግብ ሠርተው፣ ዘመድ ጠርተው ጠብቀዋል። ለሦስተኛው ቀጠሮ እንዲህ ብለው ላኩ፦ “አሁንም ከቀረ ንቆናል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሻንቆ ቤት ሰው በደጃችን አይለፍ።” የእማዬ ወንድሞች በሙሉ የዱባለ ጎረቤቶች መሆናቸውን አትርሳ። አንደኛው አጎታችን ከወዲሁ ስልክ ማንሳት ትቷል። እማዬ ከዚህ በኋላ ወንድሞቿን የምታየው በሰው ሠርግና በሰው ለቅሶ ተደብቃ ሊሆን ነው። ሦስተኛው ቀጠሮ ዛሬ ነው።

አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ቢደርሱ እስካሁን ደርሰዋል። ኔትዎርኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ አንተ ክፍል ገብቶ አልጋህ ላይ ቁጭ ብሏል። እማዬ ኮምፒውተርህን ያለበሰችበትን ዳንቴል ገለጥ አድርጎ ያየዋል። “የፋኑኤል መንገድ አሁንም አለ?” አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ከ“እሺ” እና ከ“አይ” በቀር ያልተናገረ ሰው! የትኛውን እንደሚል ወዲያው ገባኝ። በዚያ ያረጀ የአውቶቡስ መንዳት ጌም ላይ የጨመርከውን፣ እናንተ ሞድ የምትሉትን የቤሌ መንገድ ነው። የፈረንጅ ከተማውን ጥለህ በቦታው የኛን ኮረኮንች ስታስገባ፣ አባባ ጀርባህ ቆሞ “ይሄ ኩርባ ጠቦብሃል፤ እዚህ ጋ ማንጎ ዛፍ አለ፤ እዚያ ጋ ሁልጊዜ በሬ ይተኛል” እያለ ሲያርምህ ነበር። መንገዱ ያንተን ያህል የሱም ነው። ሽማግሌ ያልደፈረውን መንገድ በዚያ ሊሞክረው ፈልጎ ነው። እሱ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ የለም! ለተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት መተየቢያ ብዬ አምና ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረግኩት እኔው ነኝ። “አለ” አልኩት አፌን ሞልቼ፤ ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ እዚሁ ሶዶ ወዳለው መርካቶ፣ ወደ ጓደኛህ ወደ ሙዓዝ ሱቅ በረርኩ። ሙዓዝ አባቱ ጋሽ ኑሪ ደከም ስላሉ ሱቁን አሁን እሱ ነው የያዘው፤ ቻርጀርና ሜሞሪ እየሸጠ አንተን እያነሳ ይስቃል። የጌሙ ሲዲ እሱ ዘንድ ተገኘ። ልትሄድ ሰሞን ስትሠራበት የነበረውን፣ ሳትጨርሰው የሄድከውን የመጨረሻውን መንገድም በኮምፒውተሩ አስቀምጦልሃል። በፍላሽ ገለበጠልኝና “ፈጠነች፣ ስሚኝ፤ መጀመሪያ ጌሙን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ከዚያ መኪናውን፣ ሰዎቹን መጨረሻ ላይ። አንዱን ካንዱ ካቀደምሽ አይሆንም” አለኝ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ስሜን ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም። ቸኮልኩና መኪናውን ከመንገዱ አስቀደምኩት። ጌሙን ስከፍተው የአባባ ቅጥቅጥ ከነጽሑፉ፣ ከነጣሪያ ዕቃው፣ መንገድ በሌለበት ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ጎማው ይሽከረከራል። በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ አሮጌውን ጌም አላውቀውም አለ፤ ሙዓዝ በስልክ እየመራኝ፣ ኮምፒውተሩ የድሮ ዘመን ላይ ያለ እንዲመስለው ማድረጊያዋን ቦታ አገኘኋትና ጌሙ ተከፈተ። ሐሙስ ጠዋት ፍላሹን መለስኩለት። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። አባባ በየሰዓቱ አምፖሉን ቀና ብሎ ያያል።

ማታ መብራት ሲመጣ፣ አባባ ጸሎት ኅብረት ሄዶ ነበርና ብቻዬን ልሞክረው ተቀመጥኩ። የቤሌን መናኸሪያ ስታሳየኝ እንባዬ መጣ፤ ያን ያህል አስመስለኸዋል። ተሳፋሪው ሞልቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉን ብጫነው ሞተሩ አይነሳም። ብጠብቅ አይነሳም። ቆየት ብሎ ከወዲያ በኩል፣ ነጠላ አጣፍተው፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፈው፣ በዚያ ዘንበል ዘንበል በሚል አካሄዳቸው እማማ ሚርያም መጡ። ጋቢና ገቡ። ያን ጊዜ በሩ ተዘጋ፤ ሞተሩም ተነሳ። የሠራኸውን ጉድ ያኔ አስታወስኩ። አባባ፣ ያ በሰው እግር ማመን የአሕዛብ ነገር ነው እያለ ሌላውን የሚገሥጽ ሰው፣ በገበያ ቀን እማማ ሚርያም ሳይሳፈሩ ሞተር አስነስቶ አያውቅም ነበር። “እግሯ ቀና ነው፤ እሷ ያለችበት ጉዞ ሰላም ነው” ይላል። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይጠብቃል። አንተ ደግሞ ልትቀልድበት ብለህ ጌሙ ውስጥ ሕግ አድርገህ አስገባኸው፤ እሳቸው ካልተሳፈሩ ቅጥቅጡ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ሰው ከነገ ወዲያ ወደ ዕርቅ ልልክ ነው ነገ የሞቱትን ሴት አሳፍሬ የማሳየው? አልኩ። ፋይላቸውን ፈልጌ አጠፋሁት። ከቆሻሻ መጣያውም ጭምር ጠረግኩት። ጌሙን ስከፍተው ተሳፋሪው ተቀምጧል፣ ረዳቱ በር ይዟል፣ ሞተሩ አይነሳም፤ የማይመጣ ሰው ይጠብቃሉ። ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ከጌሙ ጋር ከመጡት ተሳፋሪዎች አንዱን፣ ሻንጣ የያዘ ሱፍ ለባሽ ፈረንጅ፣ ገልብጬ ስሙን በእማማ ሚርያም ስም ቀየርኩት። ሠራ! ፈረንጁ በቤሌ መናኸሪያ ጭቃ እየተራመደ መጥቶ ጋቢና ገባ፤ ሞተሩም ተነሳ። በጉብዝናዬ ራሴን አደነቅኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኔ ጉድ ለጥቅምት ቆይቶ ነበር።

አርብ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ በስድስት ሰዓት ቤት ደረስኩ። አባባን አስቀመጥኩት። በሁለት ጣቱ የቀስት ቁልፎቹን ያዘ። መናኸሪያውን ዙሪያውን አየ። ማንጎውን ሲያይ ትንሽ ፊቱ ፈታ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ፈረንጁ መጣ። በሩን ከፍቶ ጋቢና ተቀመጠ። አባባ ቁልፉን ለቀቀ። “ይሄ ማነው?” አለ። “ሚርያም የት አለች?” አለ። “አባባ፣ እንዳይከብድህ ብዬ አወጣኋቸው” አልኩት። ዞሮ አየኝ። “ከዚህም አወጣችኋት?” አለ። ከሐምሌ ወዲህ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው። “ቦታዋ ላይ ሰው ተቀመጠበት? በሷ ቦታ? መልሺያት!” አለኝና እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ማየት ቀጠለ።

በምን ልመልሳቸው? ፋይሉን ጠርጌዋለሁ፤ ፍላሹም ሙዓዝ ዘንድ ነው። ወደ መርካቶ ሮጥኩ፤ ሱቁ ተዘግቷል። ለካ አርብ ነው! ሙዓዝ ጁምዓ ላይ ነው። ስልኩ ዝግ። የተቆለፈው በር ላይ ተደግፌ ሰላቱ እስኪያልቅ ስጠብቅ ያሰብኩትን አልነግርህም። አባባ ተነስቶ ወጥቶ ቢሆንስ? መብራት ቢሄድስ? ያን የመጨረሻ ሙከራውን በገዛ እጄ አበላሽቼበት ቢሆንስ? ሙዓዝ ከመስጊድ ሲመለስ ገና ሳይደርስ ከመንገድ ጮህኩበት፤ ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቅ ከፍቶ ፋይሉን ሰጠኝ። በሩጫ ስገባ አባባ እዚያው ነው። ፈረንጁም ጋቢና ተቀምጧል። እማዬ በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። “እንደዚያው ነው፤ አልተነሳም” አለችኝ በሹክሹክታ።

እማማ ሚርያምን መልሼ አስገባኋቸው። ጌሙን እንደገና ከፈትኩት። ከወዲያ በኩል መጡ። ጋቢናው ጋ ሲደርሱ አባባ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ለትልቅ ሰው እንደምንነሳው። እሳቸው ሲቀመጡ እሱም ተቀመጠ። ነዳ። ኩርባውን፣ የተኛውን በሬ፣ የት/ቤቱን አጥር እያለፈ፣ በቀስታ ነዳ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ አቆመ። ከመቆየቱ የተነሳ እማዬ የጨበጠችው ክንዴ ላይ ጥፍሯ ምልክት አስቀርቶብኛል። እኔ ተነስ፣ ይብቃህ ልለው ነበር። ግንባሩ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ ጠጠሩ እየተንቋቋ፣ ወረደ። ወንዙን ተሻገረ። ዳገቱን ወጣ። እማዬ ክንዴን ለቀቀችኝ።

ሶዶ መናኸሪያ ገባና በሮቹን ከፈተ። ተሳፋሪው ወረደ። እማማ ሚርያም ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። አባባ ጠበቀ። ሁሉም ወርዶ አልቆ ቅጥቅጡ ባዶ ሆነ፤ እሳቸው ቅቤያቸውን ታቅፈው ወደፊት ያያሉ። ነገሩ ገባኝ፤ መሳፈራቸውን ሠርተህ መውረዳቸውን ሳትሠራ ሄደሃል። ይህን ስልህ ወቀሳ አይደለም፤ ቪዛ የመጣለት ሰው ምን ይጨርሳል። “አባባ፣ ፋኑኤል ስላልጨረሰው ነው፤ አይወርዱም” አልኩት። “ለምን ትወርዳለች?” አለኝ ሳይዞር። “ቤቷ እዚህ አይደለም።” ከዚያ መናኸሪያው ውስጥ መኪናውን አዞረና ባዶውን ቅጥቅጥ ይዞ፣ እሳቸውን ብቻ ጭኖ፣ ወደ ቤሌ መለሳቸው። ያንን ዳገት ወረደ፣ ያንን ወንዝ ተሻገረ፣ ያንን ቁልቁለት ወጣ፤ አንዴም አላቆመም። ቤሌ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ አለቀሰ። የለቅሶ ለቅሶ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ስማቸውን እየጠራ። ጎረቤት መጣ፤ እማዬ በር ላይ ቆማ “ተዉት፣ ለቅሶ ላይ ነው” ብላ መለሰቻቸው።

ዛሬ ማለዳ ኮቱን ለብሶ ከኛ ቀድሞ ግቢው በር ላይ ቆሞ አገኘነው። አቶ ጌታነህ መኪና ይዘው መጡ። “ከኋላ ይሁንልህ?” አሉት። “ከኋላ ይሁን” ብሎ ገባ። እማዬ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም።

ስልኳ ጮኻ ዘልዬ አነሳኋት፤ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነው፤ “የፈተናውን ጥያቄ መቼ ታስገቢያለሽ?” ይለኛል። በቅዳሜ! ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ ሰኞ ሲያየኝ እሰማው ይሆናል።

ስምንት ሰዓት አልፏል። ምሳ አልበላሁም።

ፋኑኤል፣ ጽሑፌ ቢበላሽ ታገሰው። እማዬ ደወለች። “ፈጠነች” አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው፤ የሰው ጫጫታ ይሰማል። “አባትሽ ዛሬ አይመለስም” አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል “ሊያገኟቸው አልቻሉም” ይላል። እንደገና፣ አሁንም ያንኑ ይላል። አይመለስም ማለት ምን ማለት ነው? ወድቆ ነው? ቁልቁለቱ ላይ ወርዶ ጠፍቶባቸው ነው? አንድ ነገር አድርገውት ነው? የአቶ ጌታነህም ስልክ አይሠራም። የአጎታችንን ቁጥር ሞከርኩ፤ ጠራ፣ አላነሳም። ግቢውን ዞርኩት። ጥጃውን ያለ ሰዓቱ ለላሚቱ ፈታሁላት፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ጸለይኩ ልልህ እፈልጋለሁ፤ ግን “ጌታ ሆይ” ከማለት አላለፍኩም።

አሁን ቁጭ ብያለሁ። ውሃ ጠጥቻለሁ። በሥርዓቱ ልጻፍልህ።

ስልኬ እንደገና ጮኸች፤ የደወለው አጎታችን ነው፤ ያ ስልካችንን አላነሳ ያለው። ከዚያ ለእማዬ ሰጣት። እያለቀሰችም እየሳቀችም ስለነበር ቃሏን ለመልቀም ተቸግሬያለሁ። ከሶዶ በኩል ባለው ዳገት አናት ላይ ሲደርሱ አባባ “አቁሙልኝ” አለ። አቶ ጌታነህ “አይ፣ አለቀ” ብለው ራሳቸውን ያዙ። አባባ ወረደ። ግን ወደ ሶዶ አልዞረም፤ ወደፊት ሄደ። በእግሩ ወንዙ ድረስ ወረደ፤ መኪናው ከኋላው ተከተለው። ድልድዩን ተሻግሮ አፋፉ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ በሩን ከፈቱለት፤ ገባ። ቤሌ ሲደርሱ እነ ዱባለ በር ላይ አስቀመጡት፤ እስኪጠራ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ዱባለ እጁን አንስቶ “ቆዩ፤ ይቅርታ መጠየቁን እናውቃለን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እናቴ ስትሄድ ከጎኗ የነበርከው አንተ ነህ። ምን አለች?” አለው። ያን ሁሉ ሳምንት “ራሱ ይምጣ” ያሉት ለዚህ ነበር፤ እኛ ሊያዋርዱት መስሎን ነበር።

አባባ ለእማዬ እንኳ ያልነገራትን እዚያ ተናገረ። ፍሬኑ እንቢ ሲል እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ነበረ። ማርሽ ሊቀንስ ሲታገል እማማ ሚርያም እጃቸውን እጁ ላይ አደረጉና “ሻንቆ፣ አይዞህ” አሉት። ሌላ ምንም አላሉም። “የምትሞተው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን” አለ አባባ። “ይህን ይዤ እናንተ ፊት መቆም አቃተኝ።” ዱባለ ከተቀመጠበት ተነስቶ መጣ፤ የቱ እጅ እንደሆነ ጠየቀው። አባባ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ዱባለ በሁለት እጁ ያዘውና አለቀቀውም።

አንድ ገበታ ቀርቦ አብረው በሉ። የሚመለሱበት ሰዓት ሲደርስ እነ ዱባለ ሽማግሌዎቹንና እማዬን አሰናበቱ፤ አባባን ግን “አንተ የትም አትሄድም” አሉት። ዛሬ እዚያ ያድራል፤ እማማ ሚርያም ይተኙበት የነበረው አልጋ ተነጥፎለታል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ እማዬ እየመጣች ስለሆነ እሳት ላይ ውሃ ልጣድ። አብረውህ ለሚሠሩት፣ ለሚያድሩት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ክብረትን ስለ መልእክቱ እጅግ አመስግንልኝ። እማዬ “ልጄ፣ ደረትህን ሸፍነህ ተኛ” ትላለች፤ ክብረት የያዘልህ ዳጣም ከሷ ነው። ሙዓዝ “ሰላም በዪልኝ፤ ዛሬ ዛሬ ሱቄን የሚረብሸው እሱ ሳይሆን እህቱ ናት” ብሎሃል። አባቱ ጋሽ ኑሪ በዱዓቸው አስበውሃል። አቶ ጌታነህና ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰላም ይሉሃል። አጎታችንም በራሱ አፍ “ለፋኑኤል ሰላምታዬን ጻፊልኝ” ብሎኛል። የአባባን ሰላምታ ነገ ሲመለስ ከራሱ ተቀብዬ በዚህ ወረቀት ጠርዝ ላይ እጨምርልሃለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ቦታ ትቻለሁ።

እህትህ ፈጠነች ሻንቆ
ወላይታ ሶዶ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.